ጎረቤት የሚያጥነው የበርሜል ምድጃ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ ለድግስ ወጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ከአሥር ዓመት በፊት ከበርሜል ያሠራልኝ የእንጨት ምድጃ ጭሱ አላስቀምጥ ብሎኛል። ጎረቤቴ «ልብስ አጥቤ ማስጣት አልቻልኩም» ብላ ካኮረፈችኝ ሰነበተች። የጭስ ማውጫውን ላስረዝመው ወይስ ምድጃውን ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማውጫውን ቢያስረዝሙት ጭሱ እኚህን ጎረቤት ዘሎ ቀጥሎ ያሉትን ያጥናል፤ ኩርፊያው አድራሻ ቀየረ እንጂ አልበረደም። ጭስ ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው፤ ገንዘብ የከፈሉበት እንጨት። እንዲነድ ብርቱ ሙቀትና በቂ አየር ይፈልጋል። የእርስዎ ምድጃ ሁለቱንም ይነፍገዋል። ስሱ ብረት ሙቀቱን ወደ ውጭ ይበትነዋል፤ ሰፊው አፍ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር በእሳቱ አናት ላይ ይለቅበታል።

ወጪ ከሌለው ልጀምር። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ነው፤ እሱን የሚያነድ ሰው ከወጡ በፊት ውሃ ያፈላል። ፍልጡ ከእጅ አንጓ አይወፍር፤ ዝናብ በማያገኘው፣ ንፋስ በሚያልፍበት ቦታ ተደርድሮ ጥቂት ወራት ይቆይ። የአዳማ ንፋስ ተርባይን አሽከርክሮ መብራት የሚያመነጭ ነው፤ እንጨት ማድረቅ አያቅተውም። ሁለት ፍልጥ ያጋጩ፦ የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል።

እንጨቱ አመድ ላይ መተኛቱም ይቅር። ከቶንዲኖ፣ ማለትም ለግንባታ ከሚውለው የብረት ዘንግ፣ ፍርግርግ ያስበይዱና ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ አየር ከሥር ይግባ። የማገዶ ማስገቢያውን አፍ በግማሽ ያጥብቡት።

አሁን ወደምወደው ሥራ። በርሜሉ ውስጥ ከጥቁር ላሜራ (ዚንክ ካልተቀባ ዝርግ ብረት) የተጠቀለለ ሌላ ግድግዳ ይግባ፤ በሁለቱ መካከል ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ አናቱ ላይና በማገዶው አፍ ዙሪያ ተበይዶ ይዘጋ። በውጭኛው በርሜል ግርጌ የአየር መግቢያ፣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ ከማውጫው በር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቀዳዳዎች ይብሱ። አየሩ በክፍተቱ ሽቅብ ሲወጣ ይግላል፤ በቀዳዳዎቹ ሲገባ ጭሱን ያገኘውና ያነደዋል። እሳቱ በደንብ ሲይዝ በየቀዳዳው ትንንሽ ነበልባል እንደ ጋዝ ምድጃ ሲላወስ ያያሉ። ስንት ዓመት ስበይድ ኖሬ ይህን ሳይ ዛሬም ቆሜ እቀራለሁ።

ለበያጁ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ የጣሪያ ቆርቆሮ እሳቱ ዘንድ እንዳይጠጋ። ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲግል የሚወጣው ጢስ ያሳምማል። እኔ በወጣትነቴ በዝግ ቤት ስበይደው ውዬ ሌሊቱን ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተንቀጥቅጫለሁ። እናቴ ወባ ነው ብላ ፌጦ አጠጣችኝ፤ በማግስቱ በራሱ ለቀቀኝ።

ማውጫውም ቢሆን መስተካከል አለበት። ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ቆብም ይኑረው፤ አለዚያ ንፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ማጀትዎ ይገፋዋል። ጥላሸቱን ደግሞ ሳይወፍር ያስጠርጉት፤ ከበዛ ራሱ እሳት ይይዛል። ጭሱ ጠፋ ብለው ግን በርና መስኮት ዘግተው አያንድዱ። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

ልጣለው ወይ ላሉት፦ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ገልብጠው ግርጌውን በምስማርና በመዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱት። ምስማሩ ከነጠረ ምድጃዎ ገና ነው፣ ወጪ ያውጡበት። በስቶ ከገባ ግን ለቁራሌው ይስጡትና ውስጠኛውን ግድግዳ በአዲስ በርሜል ያሠሩት።