ጀሶው የሚወጣበትን ቀን አትቁጠሪ

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን ትናንት ማታ አነበብኩት። ቀኝ እጅሽ አንጓው ላይ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ከገባ ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው። ለእህትሽ የጥር ሠርግ የጀመርሽው ሞሰብ ግማሹ ላይ ቆሟል። «እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ ላብድ ነው፣ እናንተ እንዴት አሳለፋችሁት?» ብለሻል። አብሽሪ። እኔም ቀምሼዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና አፍልተሽ፣ ይቅርታ፣ አስፈልተሽ አንብቢው።

እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። ቀን ሒሳብ ስደምር ውዬ ማታ ስፌት ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከእናቴ የወረስኩት አመል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ፣ እዚህ ደሴ፣ የሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ጭቃ አንሸራተተኝ። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። የሰውነት ክብደት በሙሉ መዳፍ ላይ ያርፍና አንጓ ይሰበራል። የአንቺም እንደዚያው መሰለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ «ወለምታ ነው» ብሎ በፋሻ ጠቅልሎ ሰደደኝ። ራጅ የሚባል የለም። አራት ቀን እጄ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ከረመ። ጎረቤቱ ደግሞ «ወጌሻ እንውሰድሽ» ብሎ ቆሟል። ወጌሻ አልንቅም። ግን ራጅ ሳይነሳ የሚታሰር ስብራት ያስፈራኛል። እስሩ ከጠበቀ ደም አይዘዋወርም፣ እጅ እስከ ማስቆረጥም ይደርሳል። በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፉ ላይ ተሰብሯል። ጎትተው አስተካከሉትና ጀሶ አደረጉልኝ። ስድስት ሳምንት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንቺ ጀሶው የሚወጣበትን ቀን እየቆጠርሽ ነው። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ቀን እሰርዝ ነበር። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ጀሶው ተቆርጦ ሲወጣ ያየሁት እጅ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ቀጥኗል፣ ቆዳው ይረግፋል፣ አንጓው አልታጠፍ ብሏል። አላመንኩም። የዚያኑ ዕለት ማታ አክርማዬን፣ ስፌቱ የሚጠቀለልበትን ሣር፣ ነክሬ ወስፌዬን አነሣሁ። ሁለት ጊዜ ወጋሁ። በሦስተኛው ወስፌው ከእጄ ወደቀ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያላለቀስኩትን ያን ማታ አለቀስኩ። ጀሶ እያለ ጥፋቱ የጀሶው ነው። ሲወጣ ግን የምትወቅሺው ታጫለሽ። ስለዚህ ያንን ሰሞን ከአሁኑ ተዘጋጂበት።

ከጣቶችሽ ጀምሪ። ሐኪምሽ ካልከለከለሽ በቀር በየሰዓቱ ጨብጪ፣ ዘርጊ፣ አውራ ጣትሽን ከእያንዳንዱ ጣት ጋር አገናኚ። ክርንሽንና ትከሻሽንም አንቀሳቅሺ። እኔ እጄን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር ትከሻዬ ተያዘ። አንጓዬ ድኖም ትከሻዬ ወር ሙሉ ያስጮኸኝ ነበር። ሳይሰበር! ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶችሽ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ግን «ነገ አያለሁ» አትበይ። ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

የሚያሳክክሽ ነገርም አለ መቼም። እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ወስፌ ሰደድኩበት። አዎ፣ ወስፌ። መጀመሪያ ገነት ነበር። በሦስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። ቆዳዬን ጭሬ አቁስዬው ኖሯል። ጀሶው ከፊት በኩል በመስኮት ቅርጽ ተቀዶ ቁስሉ ታጠበ። ነርሷ «በምን አከክሽው?» ስትለኝ በስንደዶ፣ አክርማው በሚጠቀለልበት ሣር፣ ነው ብዬ ዋሸሁ። አንቺ ምንም ነገር አታስገቢ።

ጊዜውን እንዴት አሳለፍሽው ላልሽው፣ እኔም የጀመርኩት ሞሰብ ነበረኝ፤ መጀመሪያ እሱን ከዓይኔ አራቅሁት፣ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ረዳኝ? አልረዳኝም። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። በግራ እጄም ሞከርኩ። የግራ እጅ ስንደዶውን ይዞ ማዞር እንጂ መውጋት አያውቅም፣ ራሴን ወጋሁ። ከዚያ የእህቴ ልጅ ትመጣ ጀመር። ትምህርት ዝግ ነበር። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ አዛለሁ። መጀመሪያ ልንጣላ ነበር። «አጥብቀሽ ሳቢ» እላታለሁ፣ «ስቤያለሁ» ትላለች። ያኔ ነው የገባኝ፣ እኔ እንዴት እንደምሰፋ አላውቅም ነበር። እጄ ነው የሚያውቀው። ለልጅቷ ለማስረዳት ስል እያንዳንዷን ነገር በቃል ማውጣት ነበረብኝ፤ ወስፌው በስንት ዘንበል ይላል፣ አክርማው ከየት በኩል ይሳባል፣ ስንደዶው መቼ ይጨመራል። ለኔ ከመድኃኒት በላይ ሆነልኝ።

ሌላው የሒሳብ ደብተር ነው። ባለ አራት ማዕዘን መስመሩ። እያንዳንዷን ሳጥን እንደ አንድ ስፌት ቆጥሬ በግራ እጄ ቀለም እየቀባሁ የአለላ ጥለት አወጣሁ። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ስፌቱም ስለሚጨምር ቁጥሩ አልገጥም እያለ አስቸገረኝ። የሒሳብ ሰው መሆኔ እዚህ ጠቀመኝ። ዛሬ የምሰፋቸው ጥለቶች ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ናቸው።

ጀሶው ከወጣ በኋላ ደግሞ ጠዋትና ማታ እጄን ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አሥር ደቂቃ እነክር ነበር። ከዚያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየችኝን እሠራለሁ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ እጅ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ፣ ወደ ላይ ወደ ታች። መዳፍን ለዱዓ እንደሚዘረጋ ማዞር፣ ከዚያ መገልበጥ። ይቺ መገልበጧ ናት የምታስቸግረው፣ ስፌት ደግሞ ያለሷ አይሆንም። ቆየት ብሎ እርጥብ ፎጣ መጭመቅና ሊጥ ማሸት ተጨመረ። ትንሽ ማመሙ አይቀርም። እኔ የምለካው በነጋታው ነው። ጠዋት እጄ ካላበጠ ደህና ሠርቻለሁ፣ ካበጠ አብዝቻለሁ። ሕመሙ ደግሞ ብርድ ይወዳል። እዚህ ከጦሳ ተራራ ሥር ጠዋት ጠዋት ጣቴ ማንኪያ አይጨብጥም ነበር። እናንተ ታች ሞቃቱ አገር ስላላችሁ በዚህስ ታድለሻል።

ወደ ስፌት ስትመለሺ አዲስ ነገር አትጀምሪ። መጀመሪያው ላይ ዙሩ ጠባብ ስለሆነ አንጓን ክፉኛ ያጣምማል። ሰፋ ያለ ሰፌድ ካለሽ ዳር ዳሩን ቀጥዪ። ስንደዶውን አቅጥኚው፣ አክርማው በደንብ ይራስ። የወስፌሽን እጀታ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልለሽ አወፍሪው። ቀጭን እጀታ ቆንጥጦ መያዝ ይፈልጋል፤ ወፍራም ሲሆን መላው መዳፍ ያግዛል። እኔ ይህን ያወቅሁት በሁለተኛው ወር ነው፣ እስከዚያ በከንቱ ተሰቃየሁ። በሩብ ሰዓት ጀምሪ። ሰዓት ሙይ፣ ሲጮህ አስቀምጪ። «ይቺን ዙር ልጨርስ» የምትለዋን ነፍስሽን አትስሚያት፣ እኔን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ የመለሰችኝ እሷ ናት። ወደ ድሮው ጉልበት ለመድረስ እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሌሊት ሌሊት ጣትሽ እየደነዘዘ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ፣ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ከሃምሳ በላይ ለሆናችሁ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር፤ ቆማችሁ ወድቃችሁ አንጓ ከተሰበረ «የአጥንት መሳሳት ይኖርብኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ማንም አላነሣልኝም፣ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት።

ስለ ሠርጉ እውነቱን ልንገርሽ። ሞሰቡ ለጥር አይደርስም። በአንቺ እጅ አይደርስም። ጀሶው ቢወጣም ጥር ላይ እጅሽ ገና ሊጥ ሲያሽ ነው የሚሆነው። ወይ ሌላ ሰው ይጨርሰው፣ የእጅ ልዩነቱ ይታያል፣ ይታይ። ወይ ይቆይና ለመጀመሪያ ልጇ ይድረስ። እኔ የሁለቱ መሀል አደረግሁ። የእህቴ ልጅ ስድስት ዙር ሰፋች፣ ከዚያ እኔ ቀጠልኩ። የእሷ ዙሮች ላላ ብለዋል፣ የኔ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ከእሷም ይብሳሉ። ክዳኑ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። እንግዳ ሲመጣ ያዘነበለውን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ለቅሶ እደርሳለሁ። ቤትሽ ለመንገዱ ቅርብ ከሆነ ጻፊልኝ። ወስፌሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፣ እጀታውን እኔ እጠቀልልልሻለሁ።