ጣራው አያፈስም፣ ጤዛ ነው

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ 30 ካሬ ሜትር የሚሆን የቆርቆሮ ጣራ ቤት፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። አናጺው የሚስማሩን ራስ ሁለት ጊዜ በሲሊኮን ደፈነ፣ ከኮርኒሱ በላይ ላስቲክ ዘረጋ፣ ብርድ እንዳይገባ ብሎም የጣራውን ጠርዝ በጆንያ ወተፈው። ለውጥ የለም። አሁን እርስዎና ወንድምዎ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ፋይበር ግላስ (ብርድ የሚከላከል የብርጭቆ ጥጥ) ልታለብሱት አስባችኋል።

ሲሊኮን መግዛቱን ይተዉት። ዝናብ በሌለበት ወር፣ ያውም ፀሐይ ጣራውን መምታት ስትጀምር የሚወርድ ውሃ ከቀዳዳ አይመጣም። ቀዳዳ ቢኖር ሐምሌ ላይ ባልዲ ይደቅኑ ነበር። ለማረጋገጥ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ቺፑድ ፈልቅቀው በባትሪ ይዩ። የቆርቆሮው ሆድ ከዳር እስከ ዳር አመዳይ ለብሶ ወይም እንደ ማሽላ ፍሬ በጠብታ ተሞልቶ ካገኙት ጤዛ ነው። ከአንድ ሚስማር ተነስቶ በማገሩ ላይ የወረደ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ግን ጎማው ያለቀ ሚስማር ነው፤ ነቅለው ይቀይሩት።

ይህ ነገር በደንብ ካልገባ ሥራው ስለሚበላሽ ትንሽ ላብራራው። ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነው ብዙ አይቀዘቅዝም። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቆርቆሮው በዙሪያው ካለው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በ18 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 15 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል፤ በ0 ዲግሪ ግን 5 ግራም ያህል ብቻ። ከድስቱ፣ ከጀበናው፣ ከተኙት ሰዎች ትንፋሽ የወጣው እንፋሎት በቺፑዱ ስንጥቅ አልፎ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ትርፉን እዚያው ያራግፋል። ሌሊቱን አመዳይ ይሠራል፣ ጠዋት ይቀልጣል። ቀድሞ በጠርዙ የሚገባው ንፋስ ጠራርጎ ያወጣው ነበር፤ ጆንያው ያንን በር ዘጋ። ላስቲኩም ጠብታውን አጠራቅሞ በሚስማር ቀዳዳ አልጋዎ ላይ ያፈስሳል። ፋይበር ግላስ እንዲሁ ብትጨምሩበት ረጥቦ ይተኛል፣ የረጠበ ደግሞ ብርድ አይከላከልም።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር። የቤቱ ክፍተት ሲደፈን የከሰል ጭስ መውጫ ያጣል፤ ጭስ የማይታይበት የጋመ ከሰልም ይገድላል። ይህን ሥራ ከሠራችሁ በኋላ ምድጃ ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይቻልም።

ሁለት ቀን አይበቃም። ለሁለት ሰው አራት ሙሉ ቀን ይያዙ። የመጀመሪያው ቀን ቺፑዱን በሙሉ ማውረድ፣ ላስቲኩንና ጆንያውን ማውጣት፣ አቧራውን መጥረግ ነው፤ ከሁሉም አድካሚው እሱ ነው። ከዚያ እንጨቱ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ክፍት ይተዉት። ሁለተኛው የሥራ ቀን ለጠርዙና ለኤሌክትሪኩ ነው። በሁለቱም በኩል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ክፍተት ትታችሁ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፤ ከኮልሞው (የጣራው ጫፍ ክዳን) ሥርም አየር መውጫ ይኑር። በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ ካገኛችሁ፣ ብዙ ቤት አለ፣ በሳጥን ውስጥ አስገቡት። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ ከፋይበር ግላሱ በላይ ይለፍ፤ ተቀብሮ ሲግል የሽቦው ልባስ ይቀልጣል። ቆጣሪው ጋ ሳያጠፉ እንዳይነኩ።

ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ማልበስ ነው። ከግድግዳው ጀምራችሁ ረድፍ በረድፍ ሂዱ፦ ከሞራሌው (ኮርኒሱ የሚመታበት እንጨት) ሥር ላስቲክ በስቴፕለር፣ ከላስቲኩ በላይ ፋይበር ግላስ፣ ከዚያ ቺፑድ። ላስቲኩ ሞቃቱ በኩል፣ ማለትም ወደ ክፍሉ መሆን አለበት፤ መጋጠሚያው 20 ሴንቲ ይደራረብ፣ በቴፕ ይታሸግ። ሞራሌው መሃል ለመሃል 60 ሴንቲ ከሆነ ባዶው 55 ነው፤ 57 አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ተጣብቆ ይቆማል። 5 ሴንቲ ውፍረት ያለውን ሁለት ድርብ አንጥፉ፤ የላይኛው የታችኛውን መጋጠሚያ ይሸፍን። ለ30 ካሬ ከነብክነቱ 66 ካሬ ያህል ያስፈልጋል፤ 1.2 በ15 ሜትር የሆነውን ጥቅል ካገኙ አራት ነው። አትጫኑት፤ የሚከላከለው በውስጡ የያዘው አየር ነው። ከቆርቆሮው ቢያንስ 5 ሴንቲ ይራቅ፣ ጠርዙንም አይዝጋ።

የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ርካሽ ነው ብለው እንዳይገዙ። እሳት ሲነካው እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ስስ ላስቲክም በስቴፕለሩ ዙሪያ ይቀደዳል፤ ወፍራሙን ይግዙ። ማስክ፣ መነጽር፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ግድ ነው፤ ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ።

ሲያልቅ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ዝጉ፤ እንፋሎቱ የሚሾልከው በነሱ ነው። ማብሰያው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከላይ በኩል ወደ ውጭ የሚያወጣ 15 በ15 ሴንቲ መተንፈሻ ክፈቱ። ይህ ለእንፋሎቱ ነው እንጂ ለከሰል ፈቃድ አይሆንም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናው ሲያልቅም ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ንጋት ላይ በጠርዙ በኩል በባትሪ ይዩ፤ ቆርቆሮው ላይ ቀጭን አመዳይ ቢኖር አይደንግጡ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ከደረቀ ንፋሱ ሥራውን እየሠራ ነው።