መልስ፦ አቡነ ዮሴፍ ላይ ድንኳን ስለማደር

አብሽር ወንድሜ፤ በኅዳር ከላሊበላ ተነስቶ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል። ዝናቡ አብቅቷል። የሚያስቸግራችሁ ውርጩ ነው። እኔ አንዴ በጋቢ እወጣዋለሁ ብዬ ሄጄ፣ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነጋልኝ፤ ጠዋት የጀሪካኑ ውሃ በረዶ ሠርቷል። ወፍራም ስሊፒንግ ባግና ከሥር የሚነጠፍ ነገር ያዙ፤ ቅዝቃዜው ከመሬት ነው የሚመጣው።

ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ተራራው ከ4,200 በላይ። ስለዚህ በአንድ ቀን አትውጡት፣ ራስ ምታቱ እንቅልፍ ይነሳል። የመጀመሪያውን ሌሊት ከአሸተን ማርያም ገዳም ብዙ ሳትርቁ እደሩ።

ለማገዶ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እንዳትቆርጡ፣ ትንሽ ቡታጋዝ ይበቃል። በሶ ካላችሁማ ምድጃም ላያስፈልግ ነው። ለዕቃው በቅሎ፣ ለመንገዱ የአገሬውን ሰው ያዙ፤ ሰላሙንም ሳትጠይቁ አትነሱ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ምግብ አትወርውሩላት።