«ያ ወኔዬ የት ሄደ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ባለፈው ዓመት ክብደቴ 92 ኪሎ ሲደርስ ደንግጬ ዳይት ጀመርኩ። ስኳርና ጣፋጭ ተውኩ። ከራት በኋላ ምንም አልቀምስም ነበር። በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሬ እሄድ ነበር። በ7 ወር 81 ኪሎ ገባሁ። ከዚያ ባለቤቴ ታሞ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ሲተኛ የማስታምመው እኔ ነበርኩ። እሱ ድኖ ቤቱ ገባ። እኔ ግን በዚያው ቀረሁ። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ፤ 87 ደርሻለሁ። ሚዛኑን አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ፤ ማየት አልፈልግም። በየሳምንቱ «ሰኞ እጀምራለሁ» እላለሁ፤ ሰኞን እንኳን አልጨርሰውም። ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው። ያ ወኔዬ የት ሄደ? እንዴትስ ልመልሰው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ እንኳን ባለቤትዎ ዳኑልዎ።

«ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው» ስላሉ ከሒሳቡ ልጀምር። መነሻዎ 92 ነበር፤ ዛሬ 87 ነዎት። አሁንም ከመነሻዎ 5 ኪሎ ቀንሰው ነው ያሉት። ይህ ከ5 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። እኛ ሐኪሞች ይህችን ቁጥር እንወዳታለን። የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት ብዙ ጊዜ መሻሻል የሚጀምሩት እዚህ አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ በስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አኗኗራቸውን እንዲያስተካክሉ ለተደረጉት ሰዎች የተሰጣቸው ግብ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በእነሱ ዘንድ በስኳር በሽታ የሚያዘው ሰው ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ።

ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት 85 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ዛሬ ካሉበት ቢርቅ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። 81ን ለጊዜው ይርሱት። አሁን የምንፈልገው ይህችን ኪሎ ተኩል ነው።

ወደ ወኔው እንምጣ። የጠፋው ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ይህን የምለው ላጽናናዎ ብዬ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት አሠራር ነው። ሰው ክብደት ሲቀንስ ደስ ይለዋል፤ ሰውነቱ ግን ረሃብ የገባ ይመስለዋል። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ፤ ከስብ ነው የሚመነጨው፤ ለአንጎል «ስንቅ አለን፣ አትስጋ» ብሎ የሚናገረው እሱ ነው። ስብ ሲቀንስ እሱም ይወርዳል። ከጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት ጥብቅ ዳይት አስይዞ ነበር። ከዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ ሆርሞኖቹ ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ሰዎቹም ዳይት ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው የበለጠ ይርባቸው ነበር።

እንግዲህ እርስዎ በ7ኛው ወር ላይ ከዚህ ረሃብ ጋር እየታገሉ ሳለ ነው ባለቤትዎ የታመሙት። ሌሊቱን እንዴት ያሳልፉ እንደነበር አልጻፉልኝም። ግን አስታማሚ እንዴት እንደሚተኛ በየቀኑ አያለሁ። ወንበር ላይ ተጠቅልሎ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየባነነ። እንቅልፍ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። በደንብ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወረደ፤ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ። ይበልጥ የሚያምራቸውም ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዱቄት ነክ ምግብ ሆነ። እነዚህ ሁለት ሌሊት ነው። የእርስዎ ሦስት ሳምንት ነበር፤ ያውም በጭንቀት። ስለዚህ እንቅልፍዎ እስካሁን ካልተስተካከለ ከምግቡ በፊት እሱን ያስቀድሙ። ለብዙ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

ሌላው ነገር፣ የመጀመሪያው ወኔ ራሱ የሚበላው ነበረው። ዳይት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። ምክንያቱም ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጥ። ክምችቱ ሲጎድል ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ሰው ሚዛኑን አይቶ ይደሰታል፣ ጎረቤትም «ቀነስሽ!» ይላል፣ ወኔው ይጨምራል። በኋላ የሚወርደው ግን ስብ ነውና ቀስ ይላል። አድናቂውም ዝም ይላል። ልፋቱ ያው ነው፣ ደስታው ግን ያንሳል። ያንን የመጀመሪያ ስሜት እንዲመጣልዎ ቁጭ ብለው ከጠበቁ ብዙ ይጠብቃሉ። በሕክምና ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ወኔ ከሥራው ቀድሞ ሳይሆን ሥራው ከተጀመረ ከቀናት በኋላ ሲመጣ ነው።

ስለ ሰኞ ደግሞ ትንሽ ላውራ፤ ዋናው ችግር ያለው እዚያ ይመስለኛል። እንደምገምተው ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በአንድ ላይ ይጀምራሉ። ስኳር የለም፣ ብስኩት የለም፣ ከራት በኋላ ምንም የለም፣ የአንድ ሰዓት ጉዞም አለ። ምሳም ይዘሉ ይሆናል። አሥር ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ አንዱ ብስኩት ያቀርባል። አንድ ያነሳሉ። «በቃ፣ ዛሬማ ተበላሽቷል» ይላሉ። ከዚያ ፓኬቱ ያልቃል፤ ማታም እንዳሻዎ ይበላሉ።

ይህ በእርስዎ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች አይተውታል። ሰዎች መጀመሪያ ሚልክሼክ እንዲጠጡ ይደረጋል፤ ከዚያ አይስክሬም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ይቀርብላቸዋል። ዳይት ላይ ያልነበሩት ሚልክሼኩ ስላጠገባቸው ከአይስክሬሙ ጥቂት በሉ። ራሳቸውን በምግብ የሚቆጣጠሩት ግን ሚልክሼኩን ከጠጡ በኋላ ጭራሽ ብዙ በሉ። ምክንያቱ «አንዴ አፍርሻለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። በሌላ ጥናት ደግሞ እንደነዚህ ያሉ ሴቶች ዶናት ከበሉ በኋላ «ራሳችሁን አትውቀሱ፣ ሁሉም ሰው ይበላል» ተባሉ። ይህ የተነገራቸው ሴቶች ቀጥሎ ከቀረበው ከረሜላ የበሉት ካልተነገራቸው ያነሰ ነበር። ራስን መርገም ሰውን የሚያሠራ ይመስለናል። አያሠራም። ሆድ ነው የሚያስከፍት።

አንዲት ታካሚዬ የምትበላውን የምትመዘግብበትን ደብተር ይዛልኝ መጥታ ነበር። አራት ወር ሙሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በየቀኑ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ። አንድ ገጽ ላይ «ሁለት ቁራጭ ኬክ» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ሁለት ቁራጭ ኬክ አራት ወር ሊያበላሽ አይችልም። ያበላሸው ያ መስመር ነው። ገጹን እንዳትቀድደው ነገርኳትና ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ የዚያን ቀን ቁርሷን ጻፈች።

እርስዎም ሰኞን ይተዉት። መነሻው ይህን አንብበው ሲጨርሱ የሚቀጥለው ምግብዎ ነው። ከሦስቱ ልምዶችዎም አንዱን ብቻ ይያዙ፣ በጣም ቀላል የነበረውን። እኔ ብመርጥልዎ የእግር ጉዞውን አስቀድማለሁ፤ ግን አንድ ሰዓት አይደለም። 10 ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከተነሱበት ወንበር በቀጥታ። «እሄዳለሁ» ከማለት «ሳህኑን እንዳስቀመጥኩ ጫማዬን አደርጋለሁ» ማለት ይሻላል። ጊዜውና ቦታው ሲቆረጥ ውሳኔ አይጠይቅም። ለንደን ውስጥ በተደረገ ጥናት አዲስ ልምድ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው 254 ቀን ሊፈጅ ይችላል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ምንም አላጎደለም። በ21 ቀን ልምድ ይሆናል የሚባለውን አይስሙ። 21 ቀን ሞልቶት ያልተለማመደ ሰው «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል።

ሁለት ሦስት ሳምንት ይህን ካደረጉ በኋላ ወደ ምግቡ ይግቡ። ያኔም ቢሆን መከልከልን አያስቀድሙ፣ መጨመርን ያስቀድሙ። በየምግቡ ላይ የፕሮቲን ምግብ ይኑር፤ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ያገኙትን። የሳህኑን ግማሽ አትክልት ይያዘው። ምሳ አይዝለሉ። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ሰው ማታ ራሱን ይገዛል ብዬ አልጠብቅም፤ አይቼም አላውቅም። በፋብሪካ ተቀነባብረው በፓኬት የሚሸጡትን ደግሞ ቤት ባያስገቡ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት እንዲህ ያለውን ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ እንዳሻቸው በሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው ነበር የሚበሉት፤ ክብደታቸውም ጨመረ። ማንም «ብዙ ብሉ» አላላቸውም።

ሚዛኑን ከአልጋ ሥር ያውጡት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ሲመለሱና ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። ቁጥሩን ይጻፉና ይውረዱ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው፤ ካልጨመረም ጥሩ ነው። ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ ስሜትዎን የሚያበላሽ ከሆነ ግን ሚዛኑን ተዉትና ወገብዎን በሜትር በወር አንዴ ይለኩ።

በዚህ መሐል ስለሚያጋጥም አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ሰው ሞራሉ ሲወድቅ «በወር 10 ኪሎ» የሚሉ እንክብሎችና ሻዮች ዓይኑ ላይ ይመጣሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሳይጻፍ የተገኘው ሲቡትራሚን ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር በተያያዘ ችግር እ.ኤ.አ. በ2010 ከብዙ አገሮች ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። አይሞክሩት።

አሁን በአካል ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱትን ልንገርዎ። የጠፋው የዳይት ፍላጎት ብቻ ነው ወይስ የሁሉም ነገር? ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን የሚከፋዎ ከሆነ፣ ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር ካስጠላዎት፣ ይህ ድብርት ሊሆን ይችላል። ከረጅም የማስታመም ጊዜ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ይታከማል። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና የቆዳ መድረቅ ካለ ታይሮይድዎ ይታይ፤ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ማታ የሚያንኮራፉና ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎ ከሆነም ይንገሩ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ዝርዝሩን ይዘው ይሂዱ፤ ስቴሮይድ፣ አንዳንድ የድብርትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ቫልፕሮኤት፣ ኢንሱሊንም ክብደት ይጨምራሉ። በራስዎ ግን አያቁሙ። ለስኳር ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ምግብ ከመቀነስዎ በፊት መጠኑ ይስተካከል፤ አለበለዚያ ስኳርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በየሳምንቱ ተደብቀው፣ ማቆም እያቃትዎ፣ ሆድዎ እስኪያምዎ የሚበሉ ከሆነም ያንን ሳያፍሩ ይናገሩ። እሱ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ሕክምናውም ዳይት አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅዎ። ባለቤትዎ ከበሽታቸው እያገገሙ ነው። ሐኪማቸው ከፈቀደላቸው የ10 ደቂቃዋን ጉዞ ከእሳቸው ጋር ያድርጓት። እሳቸውንም የጠፋውን ጡንቻ ለመመለስ ይረዳቸዋል። እርስዎ ደክሞዎት «ዛሬ ይቅር» ባሉ ቀንም ጫማውን ይዞ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ይኖርዎታል።