የኖርዌይ ስደተኞች የቤተሰብ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ

ይድረስ በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በአዮዋ ለምትማሩና ለምትሠሩ ልጆቼ፤

ያላችሁበት አገር የኖርዌይ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የሞሉበት ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችሁ ሲያርፉ ወይም በምትሠሩበት ቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ ሳጥን ሲመጣ «እስቲ ይህን እይልን» መባላችሁ አይቀርም። ይህን የምጽፍላችሁ ያን ቀን እንዳትቸኩሉ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በ1825 ሬስቶራሲዮን የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎች ይዛ ከስታቫንገር ተነሣች። ባሕር ላይ አንዲት ሕፃን ተወልዳ ኒውዮርክ ሲደርሱ 53 ሆኑ። በተከታዩ መቶ ዓመት ከ800,000 በላይ የአገራቸው ሰዎች ተከተሏቸው። አብዛኞቹ ማንበብ የሚችሉ ስለነበሩ የአንድ ተራ ገበሬ ሳጥን እንኳ በወረቀት የተሞላ ነው፤ ደብዳቤ፣ የቄስ መሸኛ፣ የፈንጣጣ ክትባት ምስክር ወረቀት፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የእርሻ ሒሳብ ደብተር፣ ከዴኮራ ፖስተን ጋዜጣ የተቆረጠ ዜና።

መጀመሪያ ምንም አትለዩ። ክዳኑን ከፍታችሁ እንዳለ ፎቶ አንሡት፤ ከዚያ እያንዳንዱን እስር በክር እንደታሰረ ፎቶ አንሡ። አብረው የታሰሩ ደብዳቤዎች ከአንድ ሰው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ክሩ ተፈቶ በዓመት ከተደረደሩ ያ ዝምድና ጠፋ ማለት ነው። ፖስታውንም ከደብዳቤው አትነጥሉ። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን «እህትህ» ብላ ብቻ ፈርማው ይሆናል፤ የተነሣበትን ቦታና ቀን የሚነግረን የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው። ሰው አሰልቺ ብሎ የሚጥለው የክትባት ወረቀትም ከፎቶዎቹ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል፤ የተወለዱበት እርሻና ደብር ተጽፎበት ይገኛልና።

የእርሻው ስም ለምን ያስፈልጋል? ይህ ለእኛ ለመረዳት አይከብድም፤ የድሮ ኖርዌጂያኖች እንደ እኛ በአባት ስም ይጠሩ ነበር። የኦሌ ልጅ ላርስ «ላርስ ኦልሰን» ይባላል፤ እህቱ «ኦልስዳተር»፣ የኦሌ ሴት ልጅ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚኖሩበት እርሻ ስም ይጨመራል፤ ሰውየው እርሻ ሲለውጥ ስሙም ይለወጣል። አሜሪካ ሲገቡ አንዱ ወንድም ኦልሰን፣ ሌላው ሃውገን ብሎ ይመዘገባል፤ የላርስ ልጅ ደግሞ ላርሰን ይሆናል። ኖርዌይ ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ያስገደደችው በ1923 ነው። ሃውገን ትርጉሙ ጉብታው ስለሆነ በዚህ ስም የሚጠራ እርሻ በብዙ አውራጃ አለ። ስለዚህ የእርሻውን ስም ያለ ደብሩ አትመዝግቡ። ከወረቀቱ ላይ የአባት ስም፣ እርሻና ደብር አንድ ላይ ካገኛችሁ በኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የኢንተርኔት መዝገብ፣ በዲጊታልአርኪቨት፣ የደብሩን የጥምቀት መዝገብ ራሱን ማየት ትችላላችሁ።

ንባቡ ያስቸግራል። የቆዩት ደብዳቤዎች የተጻፉት ጎቲክ በሚባለው የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የዛሬ ኖርዌጂያንም ሳይማር አያነበውም። «ኤ» (e) የምትባለው ፊደል «ኤን»ን (n) ትመስላለች። «ኡ»ም (u) ያው ሁለት ዘንግ ስለሆነች ጸሐፊው ከላይዋ ትንሽ ቅስት ያደርግባታል፤ ዓይናችሁን ቅስቷን እንዲፈልግ አስለምዱት። ቀኑን፣ የቦታውን ስምና «ውድ ወላጆች» የሚለውን መክፈቻ አስቀድማችሁ አንብቡ። ቃሉ ምን እንደሚል ስለምትገምቱ ከእሱ የዚያን ጸሐፊ ፊደል አንድ በአንድ ገልብጣችሁ ሰንጠረዥ አውጡ። በወር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። 7 ተጽፎ ከጎኑ ሁለት ሦስት ፊደል ከተከተለ ሴፕቴምበር ነው እንጂ ጁላይ አይደለም፤ ሴፕቴም በላቲን ሰባት ነውና። 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ 10 ዲሴምበር ይሆናል። 3/5 ካለ ሜይ 3 ነው፤ አሜሪካ የተወለደ የልጅ ልጅ ማርች 5 ብሎ ከጎኑ ጽፎበት ብታገኙ አትመኑ።

ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ያለው ሳጥን የያዘው በአብዛኛው ከኖርዌይ የመጣውን ነው። ስደተኛው ራሱ የጻፈው እዚያ ዘመድ ቤት ቀርቷል። ግማሹን ይዛችሁ ሁሉን የያዛችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመድ ካለ ጻፉለት።

ጥበቃው ላይ ከአይጥ ይልቅ ብዙ ያጠፋው ደግ ሰው ነው። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል። ላሚኔት አታድርጉ፤ አይመለስም። የዛገ ክሊፕ ስታወጡ በብረቱና በወረቀቱ መካከል ቀጭን ፕላስቲክ አስገቡ። ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ በጓንት ጫፉ አይታወቅምና ይቀደዳል። ታጥፎ የደረቀ ደብዳቤ ሲነካ የሚሰነጠቅ ከሆነ ለባለሙያ ተዉት። የጋዜጣ ቁራጭ አሲድ ስላለው አጠገቡ ያለውን ደብዳቤ ቢጫ ያደርገዋል፤ ለብቻው አድርጉት። ማስቀመጫው ምድር ቤትም ከኮርኒስ በላይም አይሁን፤ አንደኛው ይረጥባል፣ ሌላው የሚኒሶታን በጋና ክረምት ሙሉ ለሙሉ ይቀበላል። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሆነ የመኖሪያ ክፍል ቁም ሣጥን ይበቃል። ውኃ ከነካው ሻጋታ ለመነሣት 48 ሰዓት አይፈጅበትም። ማድረቅ ካልቻላችሁ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ ጊዜ ታተርፋላችሁ። በመስታወት ላይ የተነሣ ፎቶ ግን ፍሪዘር አይግባ።

ስካን ስታደርጉ ደብዳቤ በ400፣ ፎቶ በ600 ፒክስል በኢንች፣ በቲፍ ፎርማት ይሁን። ጀርባውንም ፖስታውንም አትርሱ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ ወርና ቀን ጀምሩት። በፎቶ ጀርባ ስም የሚጻፍ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፤ በእስክሪብቶ በፍጹም።

በመጽሐፍ ቅዱሱ ባዶ ገጽ ላይ የልደት ዝርዝር ካለ የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ገጽም አብራችሁ አንሡ። በ1890 የታተመ መጽሐፍ የ1845ን ልደት ከያዘ፣ ያ ዝርዝር ኋላ ከትዝታ ወይም ከሌላ ወረቀት የተገለበጠ ነው።

ቤተሰቡ ለመስጠት ከፈለገ በ1925 የተመሠረተው የኖርዌጂያን አሜሪካን ታሪክ ማኅበር በኖርዝፊልድ፣ በሴንት ኦላፍ ኮሌጅ አለ። ወረቀቱ የነበረበት ሳጥን ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳጥን ከሆነ ደግሞ ስለሱ አዮዋ ውስጥ ዴኮራ ከተማ ያለውን የቬስተርሃይም ሙዚየም ጠይቁ። ወረቀቱን መልሳችሁ እዚያው ሳጥን ውስጥ አትክተቱ፤ እንጨቱ አሲድ ያወጣል። ሳጥኑና ወረቀቱ ወደ ተለያየ ቦታ ከሄዱ ግን ሌላው የት እንዳለ በሁለቱም መዝገብ ላይ ጻፉ።