ጫቱ ነው ወይስ ሕመም? ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ጎረቤት በግድግዳ በኩል ያወራብኛል ይላል። ጫቱ ነው ወይስ የአእምሮ ሕመም? ቢያቆም ይተወዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በታላቅ ወንድሜ ላይ የደረሰው ይኸው ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

የእኛ መጀመሪያ የመኝታ ቤቱን የቁልፍ ቀዳዳ በሳሙና ደፈነው። ከዚያ እናቴ የመብራት ደረሰኝ ስታገላብጥ ጀርባው በታርጋ ቁጥር ተሞልቶ አገኘችው። በሰፈራችን የሚያልፈው መኪና ሁሉ የሚከታተለው እየመሰለው ይመዘግብ ነበር። ያኔ ጠዋት በኢጀበና፣ ማለትም ገና በማለዳ በሚቃመው ጫት ይጀምራል፣ ከሰዓት በርጫ፣ ማለትም ዋናው የመቃሚያ ሰዓት ነው፣ ማታ በጨብሲ፣ ማለትም በመጠጥ ምርቃናውን ይሰብረዋል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እኛ «ምርቃና ነው፣ ይለቀዋል» እያልን አራት ወር አሳለፍን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ምርቃና ሰዓታት ቆይቶ ይወርዳል። ወንድሜ ግን ሳይቅም በዋለበት ቀንም ድምፅ ይሰማ ነበር።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይደክማል፤ ቃሚ ትኩስ ትኩሱን የሚፈልገው ለዚህ ነው። የቃመ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው አይታመምም። አብዝቶ የሚቅም፣ እንቅልፍ ያጣ፣ በዘሩ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ይበልጥ ይጋለጣል።

ከጫቱ ብቻ የመጣ ከሆነ፣ ሲያቆም ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቀዋል። ካቆመ አንድ ወር አልፎትም ድምፁ ካልተወው ሐኪሞች እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ይጠረጥራሉ። ይህን ቤት ተቀምጠሽ መለየት አትችይም። እስኪለይ ብለሽም አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ውሰጂው።

መጀመሪያ ስንሄድ አፍረን ስለ ጫቱ አልተናገርንም። መድኃኒት ተሰጠው፤ ሰውነቱን አደረቀው፣ አፈዘዘው። ለመንቃት ብሎ መቃሙ ባሰበት፤ መድኃኒቱን እየዋጠ ይቅማል። በሦስተኛው ሳምንት ሳሙናው ተመልሶ ቀዳዳው ላይ ነበር። ሁለተኛ ስንሄድ ሁሉንም ዘረገፍን፤ በቀን የስንት ብር እንደሚቅም፣ ምን እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደተኛ። ያኔ መድኃኒቱ ተቀየረለት። የለውጡ መጀመሪያ ያ ነበር።

አልሄድም ካለሽ ስለ ድምፁ አትከራከሪው። አባቴ «የምን ድምፅ! ማንም የለም!» ብሎ ሲጮህበት፣ እሱንም ከሚከታተሉት ጋር ደመረው። እኔ «ለእኔ አይሰማኝም፤ አንተ ግን ፈርተሃል፣ እንቅልፍም አጥተሃል፤ ለእንቅልፉ ሐኪም እንይ» አልኩት። ለእንቅልፉ ብሎ ሄደ።

እናቴ ጸበል ወስዳዋለች፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ጸበሉን ተጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን አታስቁሙት። እንሰረው የሚል ዘመድ ከመጣም እሺ አትበይ።

ወንድምሽ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ መጠጡን በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፤ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ድምፁ ራሱን ወይም ሰው እንዲጎዳ የሚያዘው ከሆነ ደግሞ ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ነበር። ድምፁ ከተወው በኋላ ወራት ሙሉ ዝም አለ፤ ሲተኛ ይውላል፣ ሌሊት በዱካክ እየባነነ ይጮኻል። ሰነፈ ብለን ተቆጣነው። ለካ ድባቴ ይዞት ነበር። ለሐኪሙ ነግረን ታከመ። አሁን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሥራ ይሄዳል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ክፍለ ሀገር ከሆናችሁ ቅርባችሁ ያለው ትልቅ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለው ጠይቂ። ባለፈው ሳምንት የቃመበትንና የተኛበትን ሰዓት እያስታወስሽ ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ አስፍሪና ይዘሽ ሂጂ።