ቡናው ተመልሶ የወጣበት ምንጣፍ

ጥያቄ፦ ቤት ድረስ መጥተው የሚያጥቡ ልጆች ጠርቼ የሳሎን ምንጣፌን አሳጠብኩ። ሲሄዱ አዲስ መስሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የድሮው የቡና ምልክት እዚያው ቦታ ላይ ብቅ አለ፤ ሽታም አመጣ። ሌላ ባለሙያ ልጥራ? እንዴትስ ልምረጥ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይጥሩ። ግን የመጀመሪያዎቹ ልጆች አላጠቡም ማለት አይደለም። ቡናው የተመለሰው ያጠቡበትን ውሃ ሳያወጡ ስለሄዱ ነው።

ቡና ሲደፋ እስከ ምንጣፉ ሥር ይወርዳል። ምንጣፉ ውሃ ሲጠጣ ሥሩ ላይ ደርቆ የቆየው ቡና ይሟሟል። ውሃው የሚተነው በላይ በኩል ስለሆነ፣ በክሩ እየሳበ ሲወጣ ቡናውን ይዞት ይመጣና ጫፉ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሽታው ደግሞ ሥሩ ሳይደርቅ በመክረሙ የመጣ ነው። ምንጣፍ ቢዘገይ ቢዘገይ በ24 ሰዓት መድረቅ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ቀላል አይደለም፤ ከቻሉ ፀሐይ እስክትወጣ ይታገሱ።

እንግዲህ ሲደውሉ መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቁ። «ውሃውን በምንድነው የምታወጡት?» ይበሉ። «ማሽን አለን» ማለት ብቻውን መልስ አይደለም። የሚሽከረከረው ብሩሽ ማሸት እንጂ መምጠጥ አይችልም። ውሃ እየረጨ ወዲያው የሚመጥ ማሽን ያስፈልጋል። «ፀሐይ ያደርቀዋል» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ።

ዋጋውን በካሬ ይነጋገሩ፤ ምልክት ማስለቀቅና ዕቃ ማንሳት እዚያው ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ። ወስደው የሚያጥቡ ከሆነ በሁለቱም በኩል ፎቶ ያንሱት፣ ደረሰኝም ይቀበሉ።

ሲመጡ ደግሞ እጃቸውን ይዩ። ጥሩ ባለሙያ ውሃ ከማፍሰሱ በፊት አቧራውን በቫኪዩም ይስባል፤ አለዚያ አቧራው ጭቃ ይሆናል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥግ ላይ ተጭኖ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ያያል። ምን እንደፈሰሰበትም ይጠይቃል። በኦሞና በላርጎ ራስዎ ሞክረው ከሆነ አይደብቁት። ሳሙና ካልወጣ ይጣበቃል፣ ምንጣፉም ቶሎ ይቆሽሻል።

እንደ ደብረ ብርሃን ምንጣፍ ያለ የበግ ፀጉር ከሆነ ጠንቀቅ ይበሉ። በረኪና ፀጉሩን ይበላዋል፤ የፈላ ውሃና ጠንካራ ፍትጊያም ያኮማትረዋል። ካልለዩት ከጠርዙ አንድ ክር ቆርጠው ውጭ ያቃጥሉት። የበግ ፀጉር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ሲነኩት እንደ አመድ ይፈረፈራል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። (ጀበናው አጠገብ ከሰል ወድቆ ያቃጠለውን ግን ማንም አጥቦ አያስለቅቀውም። «አስለቅቃለሁ» የሚልዎትን አይመኑ።)

ቡናው ቦታ ላይ በመጨረሻ ነጭ ፎጣ አጣጥፈው፣ ከላዩ ከባድ ነገር ጭነው ያሳድሩት። የቀረው ቡና ወደ ፎጣው ይወጣል። ሶፋውን ቶሎ መመለስ ካለብዎ እግሮቹ ሥር ላስቲክ ያድርጉ፤ የእንጨት ቀለምና ዝገት እርጥብ ምንጣፍ ላይ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም።

ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሶፍት አጣጥፈው ምንጣፉ ላይ ያኑሩና በእግርዎ ይጫኑት። ሶፍቱ እርጥበት ቢነካው ምንም አይደለም። ሲጨምቁት ውሃ የሚወጣው ከሆነ ግን ልጆቹ ማሽናቸውን ገና አይሰብስቡ፤ ያለ ሳሙና፣ ያለ ውሃ፣ መምጠጥ ብቻ ይድገሙት።